ሦስቱ ቀጫጭን መስመሮች

የሰፈሩ ልጆች «እማማ ከዘራ» ይሏታል። ከዘራ ይዛ ስለምትሄድ አይደለም፤ ሰባ ዓመት አልፏት እንኳ ደረጃ የምትወጣው እንደ ፍየል ነው። ስሙ የወጣላት በየዓመቱ ለገና ከምትሠራው ከረሜላ ነው። ጫፉ እንደ እረኛ ከዘራ የጎበጠ፣ በነጭ ላይ ቀይ መስመር የተጠመጠመበት፣ ሲነክሱት ቀጭ የሚል የናና ከረሜላ ነው። በዚያ ሰፈር ይህን ከረሜላ ከእጇ ያልተቀበለ ልጅ የለም፤ ዛሬ የልጅ አባትና እናት የሆኑትም ጭምር። ታዲያ ይህች ሴት እስከ አርባ ስምንት ዓመቷ ድረስ አንዲት ከረሜላ እንኳ ሠርታ አታውቅም ነበር ቢባል ማን ያምናል?

ሠሪው ባሏ ነበር። ሱቁ ከፊት፣ የሥራው ክፍል ከኋላ፣ መኖሪያቸው ደግሞ ፎቁ ላይ ነበር። የፊቱ የእሷ ግዛት ነው፤ በከረሜላ የተሞሉት ብልቃጦች፣ ሚዛኑ፣ የወረቀት ከረጢቱ፣ ከደንበኛ ጋር ያለው ጨዋታ ሁሉ የእሷ። የኋላው የእሱ ነው። በሩ ላይ ወፍራም መጋረጃ ተሰቅሏል፤ ያንን መጋረጃ ገልጦ የገባ ሰው ከእሱ ጋር ተጣላ ማለት ነው። ሙያውን ያስተማረው አጎቱ «የሙያ ምስጢር እንደ ሚስት ነው፣ ለጎረቤት አይታይም» ይል ስለነበር፣ እሱም ቃሉን አክብሮ ምስጢሩን ከገዛ ሚስቱ ደበቀው።

«እኔስ ሚስትህ አይደለሁ?» ትለዋለች።

«አንቺ ሚስቴ ነሽ፣ ከመጋረጃው ወዲያ ያለችው ደግሞ ምስጢሬ ናት። ሁለታችሁን ካገናኘኋችሁማ አለቀልኝ!» ይላትና ያስቃታል።

እንዲህ እየተሳሳቁ ሃያ አምስት ዓመት ኖሩ። አንድ ልጅ ወለዱ፣ አሳደጉ፣ ዳሩ፤ ልጅቷም ባሏን ተከትላ ሌላ ከተማ ገባች። ከዚያ ሰውየውን ስኳር ያዘው።

እሱማ መጀመሪያ ቀልዶበት ነበር። «ሠላሳ ዓመት እኔ ስይዘው ኖርኩ፣ አሁን እሱ ያዘኝ። ተራው ነው» አለ። ቀስ በቀስ ግን ቀልዱ ከአፉ ላይ እየደረቀ ሄደ። በመጀመሪያ የሚዛኑ ቁጥር ድርብ ሆኖ ታየው፤ ቀጥሎ የሰው ፊት ጭጋግ ለበሰበት፤ በመጨረሻም ከመስኮቱ ብርሃን በቀር የሚታየው ነገር ጠፋ። ሐኪሙ «የቀረውን ሰውነትዎን እንጠብቅ እንጂ ዓይንዎ ተመላሽ አይደለም» ብሎ ቁርጡን ነገረው።

ከሐኪሙ የተመለሰ ዕለት ግድግዳውን እየዳበሰ ወደ ኋላው ክፍል ሄደ፣ በሩን ቆለፈ፣ ቁልፉን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተና ፎቅ ወጥቶ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይውላል። ሰው ሊጠይቀው ሲመጣ «ተኝቷል በይ» ይላታል። ልጃቸው ቀለል ያለ የዓይነ ስውር መሪ ከዘራ ገዝታ ብትልክለት አልጋው ሥር ወረወረው። «ዕድሜ ልኬን ከዘራ ስሠራ ኖሬ፣ አሁን ከዘራ እየጎተተ ሊወስደኝ ነው?»

ለገና ሁለት ወር ሲቀር የቤተ ክርስቲያኑ የሰንበት ትምህርት ቤት ኃላፊ ወደ ሱቁ መጣች። በየዓመቱ ለልጆቹ የሚታደለውን ሦስት መቶ ከረሜላ የምታዝዘው እሷ ናት። የዚያን ዕለት ግን የመጣችው ለማዘዝ ሳይሆን ለማጽናናት ነበር።

«አይዞሽ እህቴ፣ ስለ ልጆቹ አታስቢ። ዘንድሮ ብስኩት ገዝተን እንሰጣቸዋለን» አለቻት።

ሴትዮዋ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ልትሸኛት አፏን ስትከፍት ሌላ ቃል ወጣ። «ብስኩት ምን ሲደረግ? ሦስት መቶው ይደርሳል።»

እንግዳዋን ሸኘች። ደረጃውን ወጥታ ለባሏ ነገረችው።

«ማን ሊሠራው?» አለ ፊቱን ሳያዞር።

«እኔ ነኛ።»

ሰውየው ሳቀ። ከአራት ወር በኋላ የመጀመሪያ ሳቁ ነበር፤ ግን ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። «ሻይ የምታፈዪ መሰለሽ?»

«አስተምረኛ።»

«ዓይን የሌለው ሰው ምን ያስተምራል?»

«ዓይንህ እንጂ አፍህ አልታወረ!»

እሷም የተሰቀለውን ኮት ኪስ በርብራ ቁልፉን አወጣችና ወረደች።

ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ከመጋረጃው ማዶ የድስቱን ድምፅ ስትሰማ ስለኖረች ሥራውን የምታውቀው መስሏት ነበር። መስማትና መሥራት ለየቅል ናቸው። ስኳሩን በውሃ ለውሳ፣ ማር የመሰለውን ግሉኮስ ጨምራ፣ በትልቁ የመዳብ ድስት ጣደችው፤ እንዳይዝባት ብላ በደንብ አማሰለችው። ከድስቱ የወጣው እርጥብ አሸዋ የመሰለ ነገር ነበር። ደፋችውና በማግስቱ እንደገና ሞከረች። ይኸኛው ደግሞ አንዴ ቢጫ፣ አንዴ ቡናማ ሆኖ ሳታስበው ጠቆረባት። ሽታው በደረጃው ሽቅብ ወጣ።

ትንሽ ቆይቶ የእግር ኮቴ ሰማች። ባሏ በካልሲው፣ የሸሚዙን ቁልፍ አዛንፎ፣ ግድግዳውን እየዳበሰ በሩ ላይ ቆመ።

«አቃጠልሽው! የአጎቴን ድስት አቃጠልሽው! አውርጂ! አውርጂ ነው የምልሽ!»

አወረደችው። እሱ በአፍንጫው አየሩን ሳብ ሳብ አደረገ።

«የትናንቱስ ምን ሆነ?»

«አሸዋ ሆነብኝ።»

«አማስለሽዋል።»

«እንዳይዝብኝ ብዬ ነው እንጂ...»

«ስኳር ከፈላ በኋላ አይነካካም። የነካካሽው እንደሆነ አኩርፎ አሸዋ ይሆንብሻል» አለ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ወንበር አምጪልኝ» አላት።

በዚህ ሁኔታ ትምህርቱ ተጀመረ። እሱ የሚያየው በጆሮው ነበር። «ስሚው፣ አሁን የሚንጣጣው እንደ ካፊያ ነው፤ ውሃው አላለቀም። ቆይ... አሁን ረጋ አለ፣ ከበደ። ጠብታ ጣይበት!» ይላታል። እሷ ከድስቱ አንዲት ጠብታ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ታደርግና አውጥታ ትሰብራታለች። ከተለመጠች ገና ነው፤ ቀጭ ካለች ደርሷል። ያንን ቀጭታ ከወንበሩ ላይ ሆኖ ከእሷ ቀድሞ ይሰማዋል።

የደረሰውን ስኳር ዘይት በተቀባው የእብነ በረድ ጠረጴዛ ላይ ትገለብጠዋለች። እንደ መስተዋት ጥርት ያለ ነው። ዳር ዳሩን ወደ መሐል እያጠፈች የናናውን ዘይት ታንጠባጥብበታለች፤ ከዚያ ጥቂቱን ቆርሳ ቀይ ቀለም ታስገባበታለች። ትልቁን ክፍል ደግሞ ግድግዳው ላይ በተመታው የብረት ኩላብ አንጠልጥላ ትጎትተዋለች፤ ረዘም ሲል ደርባ መልሳ ትሰቅለዋለች፣ ደግሞ ትጎትተዋለች። ሁለት ጓንት ደርባም እጇ ውሃ ቋጠረ። በሃያ አምስት ዓመት ትዳር የባሏ መዳፍ እንደ ቆዳ የደረቀው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባት፤ እስከዚያ ድረስ የወንድ እጅ ሁሉ እንደዚያ ይመስላት ነበር።

«ነጩ ቀለም የት አለ? ስንት ልጨምር?» ብላ ጠየቀችው አንድ ቀን።

«ነጭ ቀለም የለም። ዝም ብለሽ ጎትቺ።»

ጎተተች። ያ ጥርት ያለው ስኳር አየሩን እያስገባ ሄዶ ሄዶ በእጇ ላይ ነጣ፤ እንደ ሐር አብረቀረቀ። «ውይ!» አለች ሳታስበው።

ባሏ የዘመናት ሣጥኑን እንደሚከፍት ሰው አመነታ። ኋላ ግን ተናገረ። «አጎቴ እንዲህ ይለኝ ነበር። ቀዩን አንተ ትጨምርበታለህ፤ ነጩ ግን ከራሱ የሚወጣ ነው። የተወለደውን ሕፃን ሰው አጥቦ ንጹሕ አላደረገውም፤ ንጹሕ ሆኖ ነው የመጣው። ነጭ ቀለም የጨመረ ሠሪ ስለ ሕፃኑ ውሸት ተናግሯል፣ ይል ነበር።»

የከረሜላውን ትርጉም በየገናው ቤተ ክርስቲያን ስትሰማው ኖራለች። ነጩ የጌታ ንጽሕና፣ ወፍራሙ ቀይ መስመር የፈሰሰው ደሙ፣ ሦስቱ ቀጫጭን መስመሮች ሥላሴ፣ ጎባጣው የመልካሙ እረኛ ከዘራ፣ ጥንካሬው ደግሞ ዐለት። ደስ የሚል ነገር ነው ብላ ከመስማት ያለፈ አስባበት አታውቅም፤ ስጦታ ላይ እንደሚታሰር ሪባን ነበር የምትቆጥረው። በኋላው ክፍል ግን ትርጉሙ እንደ መቀሱና እንደ ድስቱ የሥራ ዕቃ መሆኑን አየች። ሰውየው ሥራውን የሚያስተምራት በትርጉሙ ነበር።

ቀዩን መስመር ከላይ ከላይ ስታደርገው «ወደ ውስጥ ይዝለቅ! ሁለቴ ሲላስ የሚጠፋ ደም ምን ደም ነው? ልጁ ጨርሶ እስኪውጠው ድረስ ቀዩ መታየት አለበት» ይላታል። ጫፉን ልታጎብጥ ቸኩላ ሲዘረጋባት፣ ወይም ዘግይታ ሲሰበርባት ደግሞ «እረኛው በጉን ከገደል የሚያወጣው በዚያች ጎባጣ ነው። ቸኩሎ የጎተተ አንገት ይሰብራል፤ የዘገየም ሲደርስ በጉ የለም። ከእጅሽ አንጓ ላይ አድርጊው፤ ለብ ብሎሽ ካላቃጠለሽ፣ ያን ጊዜ አጉብጪ» ይላታል። እሷም አንጓዋ ላይ እያስጠጋች፣ እየሰበረች፣ እየዘረጋች፣ ተማረች። የተሰባበረው በከረጢት እየሆነ ሱቁ ውስጥ በርካሽ ተሸጠ፤ የሰፈሩ ልጆች ያንን ሁለት ወር እስከ ዛሬ ያመሰግናሉ።

የከበዳት ሦስቱን ቀጫጭን መስመሮች ማስተካከል ነበር። በተድቦለቦለው ነጭ የስኳር ግንድ ላይ እኩል አድርጋ ትደረድራቸዋለች፤ ግንዱ ሲሳብና ሲጠመዘዝ ግን አንዱ ይሰፋል፣ አንዱ ይሳሳል። አንድ ቀን ከጠዋት ጀምራ ስትሠራ ውላ፣ ክንዷ ዝሎ፣ የመጨረሻውን ዙር ስትቆርጥ ባሏ እንደ ልማዱ ጠየቃት።

«ሦስቱ እኩል ናቸው?»

አየቻቸው። አዎ ብትለው ማን ያውቅባታል? እሱ አያይ፣ ሌላ ሰው አያስተውል።

«አንዱ ወፍሯል» አለችው።

«በጣም?»

«ለሰው አይታይም።»

«ላንቺስ?»

«ለእኔ ይታየኛል።»

«በሥላሴ ዘንድ መበላለጥ የለም። ለሱቁ ይሁኑ» አላት። ከወንበሩ ተነሥቶ በሩ ጋ ሲደርስ፣ ጀርባውን እንደሰጣት፣ «አጎቴ እኔን ለማመን ስድስት ዓመት ፈጅቶበታል» ብሎ ወጣ። ከዚያ ቀን በኋላ መስመሩን ጠይቋት አያውቅም።

ለገና አራት ቀን ሲቀር ሦስት መቶው ከረሜላ ተሠርቶ አለቀ። በትሪ በትሪ ተደርድሮ እንደ ወታደር ቆመ። ኃላፊዋ መጥታ አይታ «እውነት አንቺ ነሽ የሠራሽው?» ብላ አቀፈቻት። በዚያው ዕለት ያለወቅቱ ዝናብ መጣና ሌሊቱን ሲወርድ አደረ። ጣራው አላፈሰሰም፤ እርጥበቱ ግን በየስንጥቁ ገባ። በማለዳ ወርዳ በሩን ስትከፍት ከረሜላው አልቦታል። ጎባጣው ተዘርግቷል፣ ቀዩ ነጩ ላይ ፈስሷል፣ አንዱ ካንዱ ተጣብቋል።

ወለሉ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። ባሏ ኮቴዋ ሲጠፋበት ወረደ፤ እጁን ወደ ትሪው ሲሰድ ጣቱ ተጣበቀ። ይቆጣል ብላ ጠበቀች።

«አጎቴም አንድ ጊዜ እንዲህ ሆኖበታል» አለ።

«ምን አደረገ ታዲያ?»

«አለቀሰ። ከዚያ እኔን መታኝ። ልጆቹም ብስኩት በሉ።»

እንባዋ ሳይደርቅ ሳቅ አመለጣት። ተነሥታ የቀረውን ስኳር መዘነችው፤ ለመቶ ከረሜላ የሚበቃ ነው። ዝናቡ መንገዱን ስለዘጋው ሌላ የሚመጣ ስኳር የለም።

«ልጆቹ ሦስት መቶ ናቸው» አለች። «ትንንሽ እናድርጋቸው፤ የጣት ያህል።»

«ትንሹ እኮ ይብሳል! መስመሩ ፀጉር ነው የሚያህለው። እንግዲያው ሦስቱን ቀጫጭን ተዪአቸው፤ ወፍራሙ ብቻ ይበቃል። ልጅ ምኑን ያያል?»

ሴትዮዋ ወገቧን ያዘች። «ስማ! ሁለት ወር ሙሉ በሦስት መስመር ስታቃጥለኝ ከርመህ ዛሬ ተዪአቸው? ወይ ሥላሴው ሙሉ ሆኖ ይሠራል፣ ወይ ብስኩታቸውን ይግዙ!»

ሰውየው ፈገግ አለ። «አሁን አጎቴን ቁርጥ» አለና ኮቱን አውልቆ እጅጌውን ጠቀለለ። «ኩላቡ ጋ አቁሚኝ።»

ስኳሩን አንጠልጥሎ ሲጎትት ላየው ዓይነ ስውር ነው ማን ይላል? እጁ ሁሉንም ያውቀዋል። እሱ ይጎትታል፣ እሷ መስመሩን ትደረድራለች፣ ትስባለች፣ በመቀስ ትቆርጣለች፣ ታጎብጣለች። እርጥበቱን ለማባረር ምድጃው ሲነድ ይውላል፤ የተሠራው ወዲያው በሰም ወረቀት ይጠቀለላል። በጠባቧ ክፍል እየተጋጩ «ከኋላህ ነኝ!» «ትኩስ ይዣለሁ፣ ዞር በይ!» ሲባባሉ ዋሉ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሠሩ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር። ሦስት ቀን ፈጀባቸው። ሦስት መቶኛዋን ከረሜላ ስትጠቀልል፣ ባሏ «አንዷን ስጪኝ» አላት። አልቀመሳትም፤ ለእሱ ክልክል ነው። ጎባጣዋን በጣቱ ተከትሎ እስከ ጫፏ ወረደና መለሰላት።

የገና ዕለት እጁን ትከሻዋ ላይ ጥሎ አብሯት ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ከቤት ሲወጣ በስድስት ወር ውስጥ የመጀመሪያው ነበር። ልጆቹ አዳራሹ ውስጥ ተሰብስበዋል። ኃላፊዋ «ትርጉሙን ዘንድሮ ሠሪዋ ትንገረን» አለች። ሴትዮዋ ሰው ፊት ቆማ ተናግራ አታውቅም፤ የምታውቀውን ነገረቻቸው። ስኳሩ እንዴት እንደሚነጣ፣ ቀዩ እስከ ውስጥ ለምን እንደሚዘልቅ፣ ጎባጣው እንዴት እንደሚሰበር። ውሃ የቋጠረ እጇንም አሳየቻቸው።

ከመንፈሳዊ ትምህርት ቤት በቅርቡ የመጣ ወጣት ሰባኪ ከጎን ቆሞ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የተማረው ገና ትኩስ ሆኖበት እንጂ።

«እናቴ፣ በጣም ያምራል» አላት። «ግን ከረሜላው መጀመሪያ ለዚህ ትርጉም ተብሎ ለመሠራቱ ማስረጃ የለም። ትርጉሙ በኋላ የተለጠፈበት ነው የሚሉ አሉ። መጽሐፍ ላይም የለም።»

የባሏ እጅ ትከሻዋ ላይ ሲጠብቅ ተሰማት።

«ሊሆን ይችላል፣ ልጄ» አለችው። «ማን እንደጀመረው እኔም አላውቅም። መጽሐፉ ላይ ከረሜላ ቢኖርማ ኖሮ እነዚህ ሁሉ በቃላቸው ይወጡት ነበር።» ልጆቹ ሳቁ። «እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው። ትርጉሙን እያሰብኩ ስሠራ መስመሮቹ እኩል ይወጣሉ፤ ሳላስብ ስሠራ ይበላለጣሉ። ተለጥፎም ከሆነ፣ የለጠፈው ሰው እጁ ይባረክ፤ አልለቀቀም።»

ከፊት የተቀመጠች አንዲት ልጅ «ሰባኪው ካልፈለገ የእሱን ለእኔ ስጡኝ!» ብላ ጮኸች። ከሁሉ በላይ የሳቀው ሰባኪው ራሱ ነበር። ከበዓሉ በኋላም ሱቁ ድረስ መጥቶ «አሳዩኝ» አለ። ኩላቡ ላይ ግማሽ ሰዓት ሲጎትት ክንዱ እንደ ቅጠል ተንቀጠቀጠ። ባልየው ከወንበሩ ሆኖ የስኳሩን ድምፅ እያዳመጠ «በርታ፣ ገና ነው፤ አልነጣም!» እያለ ያፋፍመው ነበር።

ሰውየው ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ኖረ፤ ቀኑን የሚያሳልፈው በሥራው ክፍል ወንበሩ ላይ ነበር። እሷ መጋረጃውን አውርዳ ለመስኮት ማጽጃ ቀደደችው። ልማር ላለ ሁሉ በሩን ከፈተች፤ ሰባት ሰው አስተማረች፣ ሦስቱ የራሳቸውን ሱቅ ከፈቱ። ባሏ መጀመሪያ «ገበያችንን በገዛ እጅሽ ልትቀብሪው ነው» ብሎ አጉረመረመ። ኋላ ግን አዲስ ተማሪ ሲመጣ ከእሷ ቀድሞ ወንበሩን ወደ ድስቱ የሚያስጠጋው እሱ ሆነ። ሲሞት ሰባቱም ቀባሪ ነበሩ። እሷ ሱቁን ለሁለት ሳምንት ዘጋች፤ በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ ጠዋት ድስቱን ጣደች።

ዛሬ ልጇ ከነቤተሰቧ ተመልሳ ከእሷ ጋር ትኖራለች። መጎተቱ ለእማማ ከዘራ ትከሻ ስለከበደ ለልጇ ለቅቃለች፤ ድስቱን ግን ለማንም አታምንም። ሁለቱ እሳቱ ላይ ሲጨቃጨቁ ሱቁ ውስጥ ያለ ደንበኛ ሁሉ ይሰማቸዋል። ዘንድሮ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ትዕዛዝ አራት መቶ ሃምሳ ደርሷል፤ ያዘዘውም ፀጉሩ ሸበት ያለው ያ ሰባኪ ነው። እሷም ስኳሩን ገና ድሮ አስገዝታ፣ ደረቅ ቦታ አስቀምጣ፣ ሥራ ጀምራለች።